ጤፍና ጭድ፦ የአንድ ስኳር ሁለት ዕጣ

ጤፍ በተወደደ ቁጥር ከመካከላችን አንዱ ያቺኑ ቀልድ መወርወሩ አይቀርም። «እንግዲህ የቀረን ጭዱን መብላት ነው!» እንስቃለን፣ ማኪያቷችንን እናማስላለን፣ ወሬያችን ይቀጥላል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ቀልዱ ተወርውሮ አንዷ ጓደኛችን ሳትስቅ ቀረች። «ቆይ ግን፣ ለምንድነው ጭድ የማንበላው?» አለች። «ላም ትበላው የለ?»

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ሁላችንም እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ኬሚስትሪ ተምረናል። የፕላዝማዋ አስተማሪ እየተጣደፈች «ካርቦሃይድሬት» ስትል ሰምተናል። ደብተራችን ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀለበቶች ስለን፣ ቀለበቶቹን በአጭር መስመር አያይዘን፣ መስመሯን «ግላይኮሲዲክ ቦንድ» ብለን ሰይመን፣ ፈተናውን አልፈን ረስተናል። መስመሯ ምን እንደምትሠራ የጠየቀ አልነበረም። ብንጠይቅስ? ፕላዝማ ጥያቄ አይቀበልም።

መልሱን ፍለጋ ሳምንቱን ሙሉ ስናነብ ሰነበትን። ኬሚስትሪ ልናነብ ገብተን ያገኘነው ግን ታሪክ ነው፤ ጦርነት ያለበት፣ ረሃብ ያለበት፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ከአገራችን ማሳ የሄደ እህል ያለበት ታሪክ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደጻፍናቸው ከወዲሁ እንናገር።

መጀመሪያ መልሱን እንንገራችሁ። የጤፍ ፍሬም ሆነ የጤፍ አገዳ በአብዛኛው የተሠሩት ከአንድ ስኳር ነው። ስሙ ግሉኮስ ነው፤ ደማችን ውስጥ የሚዞረው፣ ሐኪም ቤት ስንደክም በክንዳችን ጠብ ጠብ የሚልልን እሱ ነው። ፍሬዋ ውስጥ ግሉኮሶቹ ተሳስረው ስታርች ይሆናሉ። አገዳዋ ውስጥ ተሳስረው ሴሉሎስ ይሆናሉ። (ጭድ ውስጥ ሌላም ነገር አለ፤ ለምሳሌ ሊግኒን የሚባል ማጠንከሪያ። ለዛሬው ግን እንለፈው።) ጡቡ አንድ ዓይነት ነው። የተለየው ጡብ ከጡብ የተያያዘበት አቅጣጫ ነው፤ ማለትም ያቺ ደብተራችን ላይ ያሰመርናት መስመር። አንዷን መስመር የእኛ ሆድ መፍታት ይችላል፤ ሌላዋን አይችልም። ይኸው ነው። ይህችን «ይኸው ነው» ለማለት ግን የሰው ልጅ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ነገሩ የተጀመረው ስኳር በመጥፋቱ ነው። ናፖሊዮን እንግሊዝን በጦር ማንበርከክ ሲያቅተው በ1806 በንግድ ላንቃት ብሎ የአውሮፓን ወደቦች ለእንግሊዝ ሸቀጥ ዘጋ። እንግሊዝም በተራዋ ባሕሩን ዘጋችበት። በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን ጉልበት በካሪቢያን ደሴቶች እየተመረተ ይመጣ የነበረው የሸንኮራ ስኳር በአህጉሩ ላይ ብርቅ ሆነ። ማርግራፍ የተባለ ጀርመናዊ ከቢት ሥር ስኳር እንደሚወጣ ገና በ1747 አሳይቶ ነበርና ናፖሊዮን በ1811 ቢት በገፍ እንዲዘራ አዘዘ። ሌሎቹም ያገኙትን ሁሉ እየጨመቁ መቅመስ ያዙ።

በዚያው በ1811 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ጎትሊብ ኪርሆፍ የሚባል የጀርመን ተወላጅ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። እሱ የሚፈልገው ስኳር እንኳ አልነበረም፤ ለፖርሴሊን ሥራ የሚሆን የግራር ሙጫ ምትክ ነበር። ስታርች በውኃ በጠበጠ፣ ጥቂት ሰልፈሪክ አሲድ (የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው) ጨመረበት፣ ለረጅም ሰዓት አፈላው። ሙጫ ሲጠብቅ ሽሮፕ ወጣለት። ሲቀመስ ይጣፍጣል።

ይህ ብቻ አይደለም። ኪርሆፍ አሲዱን ሲለካው የጨመረው ያህል አሁንም እዚያው አለ። አልጎደለም። አሲዱ ሥራውን ሠርቶ ያለ ምንም ጉዳት ከወጥመዱ ወጥቷል። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ስም ያስፈልገዋል ብሎ ከሃያ ዓመታት በኋላ፣ በ1835፣ ስዊድናዊው በርዜሊየስ «ካታሊሲስ» አለው። ከእነ ካታሊስት ጋር የተዋወቅነው በዚህ በኩል ነው ማለት ነው። ፒተርስበርግን ግን እዚህ ላይ ያዙልን፤ መመለሳችን አይቀርም።

ከስታርች ስኳር የሚያወጡ ፋብሪካዎች በየቦታው ተከፈቱ። ጦርነቱ አልቆ የሸንኮራ ስኳር ሲመለስ ብዙዎቹ ተዘጉ፤ ጥያቄው ግን አልተዘጋም። ስታርቹ ምን ሆኖ ነው ስኳር የሆነው? ስዊሱ ቴዎዶር ደ ሶሱር በ1815 ሚዛን አውጥቶ መዘነው። 100 ግራም ስታርች ሲገባ 110 ግራም ገደማ ስኳር ይወጣል። ከየት መጣ ትርፉ? ውኃ ነው አለ ደ ሶሱር፤ ስኳሩ ስታርችና ውኃ ነው።

አራት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ናንሲ ከተማ፣ አንሪ ብራኮኖ የሚባል ሰው ይበልጥ የሚገርም ነገር ሠራ። ያረጀ የጨርቅ ቡትቶ ወሰደ፤ ከተልባ ተክል ቃጫ የሚሠራውን ሊነን የሚባለውን ጨርቅ። ጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ አሟሟው፣ በውኃ አቅጥኖ አፈላው። ስኳር ወጣ! ያውም ከቡትቶው ክብደት የሚበልጥ ስኳር። እስቲ አስቡት፤ 1819 ላይ አንድ ሰው ብድግ ብሎ «አንድ ኪሎ አሮጌ ሸሚዝ አምጡልኝና ከአንድ ኪሎ በላይ ስኳር ልስጣችሁ» ሲል። እኛ ብንሆን ሰውየውን ለፖሊስ እንጠቁመው ነበር።

ሁለቱም ሳያውቁት ያቺኑ መስመር እየቆረጡ ነበር። ዛሬ በሚታወቀው እንንገራችሁ። ሁለት ግሉኮሶች እጅ ለእጅ ሲያያዙ አንዲት የውኃ ሞለኪውል ከመካከላቸው ትወጣለች። የመያያዣው ዋጋ ውኃ ነው። ለማላቀቅ ከፈለጋችሁ ያንን ውኃ መልሳችሁ መክፈል አለባችሁ፤ ይህንን ነው መጽሐፉ «ሃይድሮሊሲስ» የሚለው፤ በውኃ መቁረጥ። 162 ግራም ስታርች 18 ግራም ውኃ ተቀብሎ 180 ግራም ግሉኮስ ይሆናል። የደ ሶሱር ትርፍ ይቺው ናት። የብራኮኖም ትርፍ ይቺው ናት። ስታርቹም ሸሚዙም በአንድ ሒሳብ ነው የሚሄዱት።

ቀጥሎ የሚመጣው ሰው አንሴልም ፓየን ነው፤ የቢት ስኳር ፋብሪካ ያስተዳድር የነበረ ፈረንሳዊ ኬሚስት። በ1833 ከባልደረባው ከፐርሶ ጋር ሆኖ ብቅል በውኃ ዘፍዝፎ፣ ውኃውን አጥልሎ፣ አልኮል ጨመረበት። ነጭ ዝቃጭ ወረደ። ከዚያ ዝቃጭ ትንሽ ቆንጠር አድርጎ የተቀቀለ ስታርች ላይ ቢጥለው፣ አሲድ የለ፣ ረጅም ማፍላት የለ፣ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ስታርቹ ስኳር ሆኖ ቁጭ። «ዲያስታስ» አሉት፤ በግሪክኛ መለያየት እንደማለት ነው። ዛሬ የኢንዛይሞች ስም ሁሉ «ኤዝ» እያለ የሚያልቀው (ላክቴዝ፣ አሚሌዝ፣ ማልቴዝ) ከዚህ ቃል ጭራ ተቀንሶ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ትንሽ እንኩራ። ብቅል! ገብሱ ተዘፍዝፎ፣ በኮባ ቅጠል ተሸፋፍኖ፣ ጭራ ሲያወጣ ደርቆ የሚፈጨው ብቅል። ጠላ ጠማቂዎቻችን እንኩሮው ላይ ጌሾና ብቅል ሲጨምሩ የፓየንን ሙከራ ነው የሚሠሩት፤ ብቅሉ የስታርቹን ሰንሰለት ይቆራርጣል፣ እርሾው የተቆራረጠውን ስኳር እየበላ አልኮል ያደርገዋል። እርሾ ሙሉውን ሰንሰለት መንከስ አይችልምና ብቅል የሌለበት ጠላ ድፍድፍ ሆኖ ይቀራል። ይህንን ሙያ ከእኛ በፊት ግብፆችም ያውቁት ነበርና ኩራታችንን እዚህ ላይ እንግታ። ፈረንሳዩ ያደረገው ከጋኑ ውስጥ ሠራተኛውን ለይቶ ማውጣትና ስም መስጠት ነው። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ፓየን በዚህ አላበቃም። በ1838 የተለያዩ ተክሎችን እንጨት በናይትሪክ አሲድና በሌሎች ነገሮች እያጠበ የሚሟሟውን ሁሉ ካስወጣ በኋላ አንድ ነጭ ቃጫ ቀረው። የጥጥ ይሁን የዋርካ፣ ያው ቃጫ ነው። ሲመረምረው የካርቦን፣ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ልኩ ከስታርች ጋር አንድ ሆነበት። ልብ በሉ፤ ተመሳሳይ አይደለም ያልነው፣ አንድ ነው። አንዱ ገንፎ ይሆናል፣ ሌላው ጣውላ ይሆናል፤ በኬሚስቱ ሚዛን ላይ ግን ልዩነት የላቸውም። ይህኛው ሴሉሎስ ተባለ። ልዩነታቸው የት እንደተደበቀ ግን ፓየን ሳያውቀው ሞተ።

የተደበቀበትን ያገኘው ኤሚል ፊሸር ነው። ስሙን ባትሰሙትም እጁ ስኒያችሁ ውስጥ አለ፤ የግሉኮስን መልክ የፈታውም፣ ካፌይንን ከምንም ተነስቶ በቤተ ሙከራ የሠራውም እሱ ነው። በ1852 ራይንላንድ ውስጥ ከነጋዴ ቤት ተወለደ። አባቱ ንግድ ሊያስተምሩት ሞክረው አልሆነላቸውምና፣ ልጁ ለንግድ የሚሆን ጭንቅላት ስለሌለው ይማር እንግዲህ አሉ ይባላል። (ይህቺን ታሪክ ለወላጆቻችን እንድናስነብብ ተስማምተናል።)

ስኳር ለኬሚስት ክፉ ጠባይ አለው። በክሪስታል መልክ ይደርቃል ብለህ ስትጠብቅ ሙጫ ይሆንና ብልቃጡ ላይ ይጣበቃል። ፊሸር ግን በ1875 ያገኘው ፌኒልሃይድራዚን የሚባል ፈሳሽ ነበረው። ይህ ነገር ከስኳር ጋር ሲዋሃድ የሚያምር ቢጫ ክሪስታል ይሰጣል፤ ክሪስታሉ ሲታይ የቱ ስኳር እንደሆነ ይለያል። ፊሸር በዚህ መሣሪያ፣ እንደ ግሉኮስ ባለ ስድስት ካርቦን የሆኑ ስኳሮች ሊኖሯቸው ከሚችሏቸው 16 አቀማመጦች ውስጥ ግሉኮስ የትኛው እንደሆነ በ1891 ለየ። ኤክስሬይ የለም፣ ኮምፒዩተር የለም። አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ሁለት ምርጫ ቀርቶ ነበርና፣ ግሉኮሱ ይሄኛው ይሁን ወይስ መስታወት ውስጥ የሚታየው ግልባጩ የሚለውን በግምት ወሰነ። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1951፣ ሆላንዳዊው ቤይፉት በኤክስሬይ ሲያረጋግጥ ግምቱ ልክ ሆኖ ተገኘ። ዕድልም የታታሪ ናት እንበል?

ዋጋው ግን ውድ ነበር። ፌኒልሃይድራዚን መርዝ ነው፤ የፊሸርን ጤና ለዓመታት ሲያጎሳቁለው ኖሯል። ሚስቱ አግነስ ገና በትዳራቸው ሰባተኛ ዓመት፣ በ1895፣ ሞተችበት። ከሦስት ወንዶች ልጆቹ ሁለቱን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አጣ። ራሱም በ1919 ሞተ።

እኛን የሚመለከተን የ1894 ሥራው ነው። ፊሸር ግሉኮስን ከሌላ ትንሽ ሞለኪውል ጋር ሲያስተሳስር አንድ ሳይሆን ሁለት ዓይነት ውጤት እንዳለ ታወቀ። ሁለቱም ከአንድ ነገር የተሠሩ ናቸው፤ የሚለያዩት ግሉኮሱ ቀለበት ላይ፣ አንድ ቁጥር በተሰጠው ካርቦን፣ ትስስሩ በየት በኩል እንደወጣ ብቻ ነው። ዛሬ በምንስለው ሥዕል ወደ ታች ከወጣ አልፋ፣ ወደ ላይ ከወጣ ቤታ ይባላል። ፊሸር ሁለቱንም ወስዶ ለሁለት ኢንዛይሞች ሰጣቸው፤ አንዱ ከእርሾ የተገኘ፣ ሌላው ከመራራ አልሞንድ። የእርሾው አልፋውን ቆረጠ፣ ቤታውን አልነካውም። የአልሞንዱ ቤታውን ቆረጠ፣ አልፋውን ዞር ብሎም አላየው። ፊሸር ነገሩ እንደ ጓጉንቸርና ቁልፍ ነው ሲል ጻፈ። ያቺ ምሳሌ ዛሬም በየባዮሎጂ መጽሐፉ አለች፤ ማን እንዳመጣት ግን እኛ እንኳ የሰማነው በዚህ ሳምንት ነው። የኖቤል ሽልማቱን በ1902 ወሰደ።

የቀረውን በሩጫ እንለፈው። ሽታውዲንገር የሚባል ሌላ ጀርመናዊ በ1920 እነዚህ ነገሮች በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ጡቦች የተያያዙባቸው ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው ሲል ብዙዎች አላመኑትም፤ በኋላ በ1953 ኖቤል ሰጡት። እንግሊዛዊው ሃወርዝና ሌሎች ደግሞ በ1920ዎቹ ሰንሰለቱ በየት በየት እንደተያያዘ ፈቱ። ደብተራችን ላይ የሳልነው ባለ ስድስት ማዕዘን ቀለበት በሃወርዝ ስም ነው የሚጠራው። ውጤቱ ይኸው፦ ስታርች ውስጥ ግሉኮሶቹ የተያያዙት በአልፋ ነው። ሴሉሎስ ውስጥ በቤታ።

ልዩነቱ ምን ያመጣል? አልፋ ሲሆን እያንዳንዱ ጡብ ከፊቱ ካለው ትንሽ ጠመም ይላል፤ ሰንሰለቱ እንደ ሽቦ ጥቅልል ይጠመዘዛል። ውኃ ይገባበታል፣ ሲቀቀል ያብጣል፣ ኢንዛይም ይደርስበታል። ቤታ ሲሆን አንዱ ጡብ በጀርባው ቀጣዩ በሆዱ እየተገለባበጠ ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተኝተው እርስ በርስ ይያያዙና ገመድ ይሆናሉ፤ ውኃ አይገባም፣ ጥርስ አይበግረውም። ጥጥ ተፈትሎ ነጠላ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጭድ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ግድግዳ የሚያቆመውም በዚሁ ነው።

አልፋውን የሚቆርጥ መቀስ በምራቃችን ውስጥ አለ። ዳቦ ጎርሳችሁ ሳትውጡ ለትንሽ ደቂቃ አላምጡት፤ ጣፈጥ ይላል። የሴሉሎሱን መቀስ ግን ሰው አልተሰጠውም። እውነቱን ለመናገር ላሟም አልተሰጣትም! ጨጓራዋ ውስጥ ያስጠለለቻቸው ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው የሚቆርጡላት። ለጓደኛችን ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ ላም ተከራይ አላት፣ እኛ የለንም።

አሁን ወደ ፒተርስበርግ እንመለስ።

ከተማዋ በ1924 ሌኒንግራድ ተብላ ነበር። የሒትለር ጦር መስከረም 8 ቀን 1941 የየብስ መንገዷን ሁሉ ቆረጠ፤ ከበባው 872 ቀናት ቆየ። ከኅዳር 20 ቀን 1941 ጀምሮ ለአንድ ወር ያህል የዳቦ ራሽኑ ለፋብሪካ ሠራተኛ በቀን 250 ግራም፣ ለሌላው ሁሉ (ለሕፃን፣ ለአሮጊት፣ ለቢሮ ሠራተኛ) 125 ግራም ሆነ። ከአንዲት ትንሽ የዳቦ ቤት ዳቦ ብዙም የማይበልጥ ነው፤ ለቀኑ ሙሉ።

ዳቦውም ዳቦ አልነበረም። ዱቄቱ እንዲበረክት ፋጉሎ ተጨመረበት። ከቆሙት ቢራ ፋብሪካዎች የተገኘ ብቅል ተጨመረበት። ከእንጨት የተዘጋጀ ሴሉሎስም ተጨመረበት፤ «የምግብ ሴሉሎስ» የሚል ስም ሰጥተውት። የከተማዋ ኬሚስቶች ምን እያደረጉ እንደሆነ ያውቃሉ። ፊሸርን አንብበዋል፣ ሃወርዝን አንብበዋል። ያ ቃጫ ግሉኮስ እንደሆነ፣ ትስስሩ ቤታ እንደሆነ፣ ሰው ሆድ ውስጥ ገብቶ እንደገባ እንደሚወጣ ያውቃሉ። ሆድ ይሞላል እንጂ ነፍስ አያቆይም። ሌላ የሚጨመር ነገር ስላልነበረ ጨመሩት።

ከዚህ የተሻለውንም መንገድ ያውቁ ነበር፤ እንጨቱን እንደ ብራኮኖ በአሲድ አፍልቶ ስኳር ማድረግ፣ በስኳሩ ላይ እርሾ ማራባት፣ እርሾውን መብላት። ይህንንም ሠሩ። ግን ማፍላት ነዳጅ ይፈልጋል፤ ከተማዋ ደግሞ በዚያ ክረምት የምትሞቀው የቤት ዕቃዋንና መጽሐፎቿን እያነደደች ነበር።

ካነበብነው ሁሉ ከአእምሯችን አልወጣ ያለው የግድግዳ ወረቀቱ ነው። ሰዎች ከቤታቸው ግድግዳ ላይ ወረቀቱን እየገሸለጡ ከጀርባው ያለውን ማጣበቂያ ፍቀው፣ ቀቅለው ይጠጡ ነበር። ማጣበቂያው በዱቄት የተበጠበጠ ነው፤ ስታርች ነው። ወረቀቱ ሴሉሎስ ነው። አንድ ልጣጭ ላይ፣ በፊት ለፊቱ አንድ ግሉኮስ፣ በጀርባው ያው ግሉኮስ። የሚበላው ጀርባው ብቻ ነው። በይፋ የተቆጠረው ብቻ ከ600 ሺህ በላይ ሰው በዚያ ከበባ ሞተ፤ አብዛኛው በረሃብ። ሁሉም የሞቱት በግሉኮስ በተሞላ ከተማ ውስጥ ነው፤ በሮቹ፣ ወለሎቹ፣ በየመናፈሻው ያሉት ዛፎች ሁሉ።

በዚያው ከተማ መሐል፣ ቅዱስ ይስሐቅ አደባባይ አጠገብ፣ የሚበላውም ግሉኮስ በቶን ተቀምጦ ነበር። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባለው ሳይንቲስት ከዓለም ዙሪያ ያሰባሰበው የዘር ክምችት ነው። ቫቪሎቭ በ1927 እኛ ዘንድ መጥቶ ነበር። በጅቡቲ በኩል ገብቶ፣ አዲስ አበባ ላይ ያኔ አልጋ ወራሽ ከነበሩት ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ፣ በበቅሎ ሲራራ ወደ ሰሜን ተጉዞ በአስመራ በኩል ወጣ። በየገበያውና በየማሳው ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍ ሲለቅም ነበር፤ አገራችንን የሰብል መገኛ ከሆኑት የዓለም ማዕከላት አንዷ ብሎ የመዘገባትም እሱ ነው። የእነዚያ ማሳዎች ፍሬ በከበባው ጊዜ ሌኒንግራድ መደርደሪያ ላይ ነበር።

ጠባቂዎቹ እየተራቡ አልበሉትም። በቅዝቃዜው ዘሩ እንዳይበላሽ፣ አይጥ እንዳይጨርሰው ተራ ገብተው ጠበቁት፤ በርካቶቹ እዚያው ሞቱ። የሩዝ ክምችቱ ኃላፊ የነበረው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በጥር 1942 በረሃብ ሲሞት በሺህ የሚቆጠሩ የሩዝ ፓኬቶች ከጎኑ ነበሩ። ቫቪሎቭ ራሱ ይህንን አላየም። ስታሊን በ1940 አስሮት ነበርና ጥር 26 ቀን 1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ያንን ሁሉ እህል የሰበሰበው ሰው በምግብ እጦት ነው የሞተው። ይህንን ካነበብን በኋላ «ጭዱን እንብላ» የሚለው ቀልድ አፋችን ላይ ትንሽ መረረን፤ አልዋሻችሁም።

ያው ጦርነት ወዲያ ማዶ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ። ሰለሞን ደሴቶች ላይ የሰፈሩት የአሜሪካ ወታደሮች የጥጥ ድንኳናቸውና ልብሳቸው በሳምንታት ውስጥ እየበሰበሰ አስቸገራቸው። በ1944 ቡገንቪል ከተባለው ደሴት አንድ የበሰበሰ ሸራ ተወስዶ ሲመረመር ላዩ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ተገኘ። ሻጋታው የቤታውን መቀስ እንደጉድ ያመርታል። ኤልዊን ሪስና ሜሪ ማንደልስ የተባሉ ተመራማሪዎች መጀመሪያ ድንኳን ለማዳን ሲሉ አጠኑት። በኋላ ግን ጥያቄውን ገለበጡት፤ ሸራ የሚበላ ከሆነ ለምን እንጨትና ገለባ ስኳር አያደርግልንም? በ1977 ለሻጋታው በሪስ ስም ትሪኮደርማ ሪሴይ የሚል ስም ወጣለት።

ዛሬ በዓለም ላይ ለንግድ ከሚመረተው ሴሉሎስ ቆራጭ ኢንዛይም ብዙው ከዚያች የሸራ ሻጋታ ዘሮች የሚገኝ ነው። ከሰብል ተረፈ ምርት ስኳር፣ ከስኳሩም ነዳጅ የሚያወጡ ፋብሪካዎች ተሠርተውበታል፤ አንዳንዶቹ አላዋጣም ብሏቸው ዘግተዋል። በሰፊው የተሳካለት ሥራ ሌላ ነው። ጂንስ ድሮ ያረጀ እንዲመስል በድንጋይ ይታጠብ ነበር፤ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ኢንዛይሙ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ የጥጡን ላይኛ ቃጫ ጥቂት ነከስ ነከስ ያደርግና ሰማያዊው ይለቃል።

ይህን ሁሉ ለጓደኛችን በሚቀጥለው ቅዳሜ ነገርናት። ጂንሷን ጉልበቷ ላይ ገለባብጣ አየችው። «ታዲያ ጭዱን ቆርጦ ስኳር የሚያደርግልን ነገር አለ ማለት ነው?» አለች።

አለ። ከጤፉ ግን ገና አልረከሰም።